አቦሸማኔ ከሩጫው በኋላ

ከፍጥረት እንማር

እንደ ልማዳችን በዚህ ዓምድ ከእግዚአብሔር ፍጥረታት አንዱን ይዘን ቀርበናል። የዛሬው እንግዳችን አቦሸማኔ ነው። በየብስ ላይ ከሚሮጡ እንስሳት ሁሉ የሚቀድመው እሱ መሆኑን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ስለ ፍጥነቱ ብዙ ተነግሯል። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የምፈልገው ግን ሩጫው ካበቃ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ነው። ምክንያቴን ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ፤ ነገሩ የራሴንም ቤት ይነካል።

ለሩጫ የተሠራ አካል

ብዙ ሰው አቦሸማኔንና ነብርን ያምታታል። ሁለቱም በቢጫ ቆዳ ላይ ጥቁር ጠቃጠቆ ስላላቸው አይፈረድበትም። ጠጋ ብሎ ላያቸው ግን ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የነብር ጠቃጠቆ መሐሉ ክፍት የሆነ፣ እንደ አበባ የተሰበሰበ ነው፤ የአቦሸማኔው ድፍን ነጥብ ነው። ከዚህም ሌላ ከአቦሸማኔ ዓይን ጀምሮ እስከ አፉ ጥግ የሚወርድ ጥቁር መስመር አለ። ሲያዩት ያለቀሰበት እንባ ፊቱ ላይ የደረቀ ይመስላል። ነብር ደንዳና ነው፤ አቦሸማኔ ግን ወገቡ ቀጭን፣ እግሩ ረጅም፣ ራሱም ትንሽ ነው።

ይህ አካል ለአንድ ሥራ የተዘጋጀ ነው። የአፍንጫው ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ በሩጫ ጊዜ ብዙ አየር ያስገባል። የጀርባ አጥንቱ እንደ ቀስት ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል፤ በዚህም ምክንያት በአንድ እርምጃ 7 ሜትር ያህል ይወረወራል። በእያንዳንዱ እርምጃ ውስጥ አራቱም እግሮቹ ሁለት ጊዜ ከመሬት ይለቃሉ። ረጅሙ ጭራው በሚታጠፍበት ጊዜ ሚዛኑን ይጠብቅለታል። ጥፍሮቹ እንደ ሌሎቹ የድመት ወገኖች ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አይገቡም፤ እንደ ኳስ ተጫዋች ጫማ መሬቱን ቆንጥጠው ይይዙለታል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ በውስጠኛው ጆሮው ያለው ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል ከሌሎቹ የድመት ወገኖች የተለየ መሆኑን አሳይቷል። ሰውነቱ በሙሉ ሲወረወር ራሱ አይናወጥም፤ ዓይኑም ከሚያሳድደው ላይ አይነሣም።

በጁን ወር 2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ትኖር የነበረች ሣራ የተባለች የ11 ዓመት አቦሸማኔ 100 ሜትር በ5.95 ሰከንድ ሮጣለች። ጃማይካዊው ዩሴን ቦልት በ2009 እ.ኤ.አ. በበርሊን ያስመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን 9.58 ሰከንድ ነው። ፈጣሪ ሥራውን ሲሠራ እንዴት እንደሚያስገርም ከዚህ እናያለን።

ይሁን እንጂ ለዚህ ፍጥነት የተከፈለ ዋጋ አለ። ቀላል እንዲሆን የተሠራው ይህ እንስሳ ለጠብ የሚሆን አቅም የለውም። መንጋጋው እንደ አንበሳ ብርቱ አይደለም፤ ጥፍሩም በመሬት ላይ ስለሚፈገፈግ የደነዘ ነው። እንደ አንበሳ አያገሳም፤ ደስ ሲለው እንደ ቤት ድመት ውስጥ ውስጡን ያጉረመርማል፣ ልጆቹን ሲጠራ ደግሞ ድምፁ እንደ ወፍ ጩኸት ነው። አንበሳና ጅብ በብዛት የሚያድኑት በሌሊት ስለሆነ እሱ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ይሠራል። ያም ሆኖ ጅብ ከደረሰበት ያደነውን ጥሎለት ይሄዳል። ይህን የሚያደርገው ነገሩ ስለገባው ነው ማለት ይቻላል። አንድ እግሩ ከተጎዳ መሮጥ አይችልም፤ መሮጥ ካልቻለ ደግሞ የሚበላው አያገኝም።

አራት ጊዜ ሮጦ አንድ ጊዜ

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ከለንደን የሮያል የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የመጡ ተመራማሪዎች በቦትስዋና በዱር ለሚኖሩ 5 አቦሸማኔዎች እንቅስቃሴያቸውን የሚመዘግብ መሣሪያ በአንገታቸው ላይ አሠሩላቸው። ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታተመ። በጠቅላላው 367 ሩጫዎች ተመዝግበዋል። ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ነበር። ነገር ግን በአብዛኛው ሩጫቸው ወደዚያ ፍጥነት አልደረሱም፤ በአማካይ የደረሱበት ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአንድ ሩጫ ርዝመትም በአማካይ 173 ሜትር ብቻ ነበር። ከሁሉም የሚገርመው፣ ከሩጫዎቹ መካከል በስኬት ያበቁት 26 በመቶዎቹ ናቸው። ማለትም አራት ጊዜ ሮጦ የሚሳካለት አንድ ጊዜ ያህል ነው። የዓለሙ ፈጣን እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ አፉን ይመለሳል።

ተመራማሪዎቹ እንዳሉት አደኑን የሚወስነው ከፍተኛው ፍጥነት ሳይሆን በቅጽበት የመፍጠን፣ የመብረድና የመታጠፍ ችሎታ ነው። ሚዳቋ ቀጥ ብላ አትሮጥም፤ ትጠመዘዛለች። ፍጥነቱን መቀነስ የማያውቅ አሳዳጅ አልፏት ይሄዳል።

ጠቢቡ በመክብብ መጽሐፍ ምዕራፍ 9 ላይ ከፀሐይ በታች ያየውን ሲነግረን፣ ፈጣን ስለሆነ ብቻ ማንም ድሉን በእጁ እንደማይዝ ያስታውሰናል። ስንቶቻችን ነን ከትዳር ጓደኛችን ጋር ስንነጋገር እንኳ መብረድ የማንችል? ሥራ ቦታ የያዝነውን ፍጥነት ይዘን እቤት እንገባለን። ሚስት ስለ ልጁ ትኩሳት ስትናገር ባል ስለ መኪናው ዕዳ ያስባል። ባል ልቡን ሊከፍት ሲጀምር ሚስት መልሱን ቀድማ ትጨርስለታለች። ቸኩለን ተላልፈናል።

ሙቀቱ የጨመረው መቼ ነው?

ለብዙ ዓመታት ሲነገር የኖረው፣ አቦሸማኔ ሩጫውን የሚያቋርጠው ሰውነቱ ከመጠን በላይ ስለሚግል ነው የሚል ነበር። በዚያው በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ግን ይህን አልደገፈም። ተመራማሪዎች በናሚቢያ የአቦሸማኔዎችን የሰውነት ሙቀትና እንቅስቃሴ የሚመዘግቡ ትንንሽ መሣሪያዎች በአካላቸው ውስጥ አኖሩ። አደኑ ቢሳካም ባይሳካም፣ ሩጫው ባበቃበት ሰዓት የሰውነታቸው ሙቀት 38.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነበር። ይህ የሚያሰጋ ሙቀት አይደለም።

ሙቀቱ የጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ያውም ባልተሳካላቸው ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ሲጨምር፣ በተሳካላቸው ላይ የጨመረው 1.3 ዲግሪ ያህል ነው። ለምን? ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው፤ ያደነ አቦሸማኔ የሚጠብቀው ነገር አለው። ጅብ ይመጣ ይሆን? አንበሳ አይቶኝ ይሆን? እያለ ዙሪያውን ይቃኛል። ሩጫው አልፏል፤ ሰውነቱ ግን ያገኘውን እንዳያጣ በሥጋት ይግላል።

ይህን ሳነብ ወዲያው ወደ ሐሳቤ የመጣው ነቢዩ ኤልያስ ነበር። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እሳት ከሰማይ ወርዶለታል፤ ሕዝቡ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ዝናቡ መጥቷል። የእግዚአብሔርም እጅ በእሱ ላይ ሆና ከአክዓብ ሠረገላ ፊት ፊት ሮጧል (1ኛ ነገሥት 18)። በአገልግሎቱ ከዚያ የሚበልጥ ቀን አልነበረውም። ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ ግን ይኸው ሰው ኤልዛቤል በላከችበት መልእክት ፈርቶ ሲሸሽ፣ በበረሃ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞቱን ሲለምን እናገኘዋለን። የወደቀው ሲሮጥ ሳይሆን ሮጦ ካሸነፈ በኋላ ነው።

ጌታስ ምን አደረገለት? አልገሠጸውም፤ ስብከትም አልላከለትም። እንዲተኛ ተወው። መልአኩ ቀስቅሶ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በልቶ እንደገና ተኛ፤ ሁለተኛም ተቀስቅሶ በላ። መንገዱ ከአቅሙ በላይ መሆኑን ያወቀለት ጌታ መጀመሪያ ሥጋውን አሳረፈው። የሚናገረውን የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ጌታችን ኢየሱስም ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ተመልሰው የሠሩትን ሁሉ ሲነግሩት ወደ ሌላ ከተማ አላሰማራቸውም፤ ለብቻቸው ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ ነው የጠራቸው (ማርቆስ 6)።

በማይክሮፎን ብቻ

አሁን የራሴን ላውራ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከመደበኛ ሥራዬ ሌላ የሽማግሌነት አገልግሎት ነበረኝ፤ ማክሰኞ የሠፈር ጸሎት፣ ዓርብ የአዳር ፕሮግራም፣ በወር ሁለት ጊዜ ደግሞ ከከተማ ውጭ እሰብክ ነበር። አንድ እሑድ ማታ በታላቅ ደስታ ወደ ቤቴ ገባሁ። በዚያ ቀን በስብሰባው ሰባት ሰዎች ጌታን ተቀብለው ነበር። ደስ ብሎኝ መተኛት ሲገባኝ ግን ስልኬን ከእጄ ማኖር አቃተኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ሰው ይመጣ ይሆን? እነዚያን ሰባት ሰዎች ማን ይከታተላቸዋል? እነ እገሌስ ስለ ስብከቱ ምን አሉ? ያደነ አቦሸማኔ ማለት ያን ማታ እኔ ነበርኩ።

ባለቤቴ እራት አቅርባ ከፊቴ ተቀመጠች። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ስትጸልይ የምሰማህ በማይክሮፎን ብቻ ሆነኮ» አለችኝ።

በቁጣ ብትናገረው መልስ ነበረኝ። የጌታ ሥራ እንደሆነ፣ ስንጋባም ይህን ታውቅ እንደነበር እነግራት ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የተንበረከክነው እናቴ የታመመች ጊዜ ነው» ብላ ጨመረች። ቆጠርኩት። አማቴ ከታመሙ ስምንት ወር አልፏቸው፣ ድነው፣ እንዲያውም አገር ቤት ሄደው ተመልሰዋል። በእነዚያ ስምንት ወራት ውስጥ በብዙ መቶ ሰው ፊት ጸልያለሁ፤ ከሚስቴ ጋር ግን አንድም ቀን አልጸለይኩም። የቀረበልኝ ምግብ በረደ። ያን ዕለት ማታ ሁለታችንም ብዙ አልተናገርንም።

በሳምንቱ ለሽማግሌዎቹ ጉባኤ ነገሩን ተናገርኩ። ቀላል አልነበረም። አንድ ወንድም መንፈሳዊ ቅዝቃዜ እንደያዘኝ ጠረጠረ። ሌላው ግን ከስብሰባው በኋላ በረንዳ ላይ ጠብቆኝ፣ «እኔም ቤት እንዲሁ ነው» አለኝና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዓርብን ለሌላ ሰው አስረከብኩ፤ ከከተማ ውጭ የሚደረገው ጉዞም በወር አንድ ጊዜ ሆነ። አሁን ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ብዬ አልዋሻችሁም። የሚሳነን ሳምንት አሁንም አለ። ነገር ግን ከታላቅ ስብሰባ ማግስት ሰኞ ማታን ለማንም አንሰጥም። ያ ጊዜ የእኔና የእሷ፣ የእኛና የጌታ ነው።

ጉልበት የሚያልቀው በምንድን ነው?

በ2014 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ በደቡባዊ አፍሪካ የሚኖሩ አቦሸማኔዎች የዕለት ጉልበታቸውን በምን እንደሚጨርሱ መረመረ። መልሱ ሩጫ አልነበረም። ሩጫው ከባድ ቢሆንም አጭር ነው። ከሁሉ ይልቅ ጉልበታቸውን የሚወስደው በሙቀትና በአሸዋ ላይ የሚበላ ነገር ፍለጋ የሚሄዱት ረጅም መንገድ ሆኖ ተገኘ። ሰው አጥር ሲያጥርና የሚታደኑ እንስሳት ሲመናመኑ ደግሞ መንገዱ ይረዝምባቸዋል።

እኛንስ የሚያደክመን ሥራው ራሱ ነው ወይስ ከሥራው በፊትና በኋላ በልባችን የምንጓዘው መንገድ? ስምንት ሰዓት የሠራ ሰው ይደክመዋል፤ ተኝቶ ይነቃል። የጎረቤቱን ቤት ከራሱ ቤት ጋር እያስተያየ፣ ነገ የሚሆነውን እያሰላ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ ሰው ግን ከአልጋው ሲነሣም ደክሞታል። ጌታችን በተራራው ስብከት ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ያስተማረን አለመሥራትን ሊያለማምደን አይደለም። ነገን የሚያውቅ አባት እንዳለን ሊያሳየን ነው።

ለብቻ የማይኖሩት

ከፍጥረት እንማር ስንል የእንስሳውን ጠባይ ሁሉ እንዳለ እንቅዳ ማለታችን አይደለም። ለምሳሌ ወንዱ አቦሸማኔ ልጆቹን አያሳድግም። ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ግልገሎችን የምትጠብቀው እናቲቱ ብቻዋን ናት። አንበሳና ጅብ እንዳያገኙባት በየጥቂት ቀኑ አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ቦታ ትቀይራለች። ለማደን ስትሄድ ደግሞ ትታቸው መሄድ ግድ ነው። በታንዛኒያ በሴሬንጌቲ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በተደረገ ክትትል፣ ራሳቸውን ለመቻል የበቁት ግልገሎች ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩትን አብዛኞቹን የፈጇቸው አንበሶች ናቸው። አባቶች ሆይ፣ ይህን ስናነብ ለእናቲቱ ብቻ አንዘን። እቤት እያለን ሐሳባችን ውጭ ከሆነ ልጆቻችንን የምትጠብቀው አንዲት ሴት ብቻዋን ናት።

በሌላ በኩል ወንድማማች የሆኑ አቦሸማኔዎች ከእናታቸው ከተለዩ በኋላ ሁለትም ሦስትም ሆነው ዕድሜ ልካቸውን አብረው ይኖራሉ። አብረው ያድናሉ፣ አንዱ የሌላውን ፊት ይልሳል፣ ሠፈራቸውንም በጋራ ይጠብቃሉ። ብቻውን የሚኖር ወንድ የራሱን ሠፈር ማስከበር ይከብደዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። በረንዳ ላይ የጠበቀኝ ያ ወንድም ለእኔ እንዲህ ያለ ጓደኛ ሆኖልኛል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። አቦሸማኔ በተፈጥሮው ድንጉጥ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ የእንስሳት ማቆያ አቦሸማኔዎችን ገና በግልገልነታቸው ከውሻ ጋር አብረው ያሳድጓቸዋል። እንግዳ ድምፅ ሲሰማ አቦሸማኔው መጀመሪያ ወደ ውሻው ያያል። ውሻው ከተረጋጋ እሱም ይረጋጋል። የትዳር ጓደኛችን ሲደነግጥ ፊታችንን ያያል። እዚያ ምን ያገኛል? ሌላ ድንጋጤ ወይስ በጌታ ያረፈ ልብ?

በአደራ የተሰጠን

ከመሰነባበታችን በፊት ስለ እንስሳው ስለ ራሱ አንድ ቃል ማለት ይገባል። በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣ ጥናት በዓለም በዱር የቀሩትን አቦሸማኔዎች 7,100 ገደማ አድርጎ ገምቷቸዋል። ቀድሞ ይኖሩበት ከነበረው ምድር የቀራቸውም 9 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አገራችን ኢትዮጵያ አሁንም አቦሸማኔ ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት። ይሁን እንጂ ከምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ግልገሎች ከእናታቸው እየተነጠቁ፣ በሶማሌላንድ ጠረፍ በኩል ባሕር ተሻግረው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሀብታሞች ቤት መጫወቻነት ይሸጣሉ። ብዙዎቹ በመንገድ ላይ ይሞታሉ። ከዚህ ንግድ የተረፉ አንዳንዶች በሆለታ አቅራቢያ በሚገኘው በእንስሳ ኮቴ ማገገሚያ እንክብካቤ አግኝተዋል። እግዚአብሔር አዳምን ምድርን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ ሲያስቀምጠው ይህንንም ፍጥረት አደራ ሰጥቶታል። በአካባቢያችሁ ግልገል የሚያዘዋውር ሰው ብታዩ ዝም አትበሉ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የዓለሙ ፈጣን ሯጭ 173 ሜትር ሮጦ ይቆማል። ቁና ቁና እየተነፈሰ አረፍ ይላል፤ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይበላ ይቆያል። ፈጣሪው ሲሠራው የሚሮጥበትንም የሚያርፍበትንም ልክ ሰጥቶታል። እኛንስ የሠራን እሱ አይደለምን?

በዚህ ሳምንት ባልና ሚስት አብራችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች፦

1. ሁለታችን ብቻ ሆነን ለመጨረሻ ጊዜ የጸለይነው መቼ ነው?

2. ነገር ሲሳካልን እናርፋለን ወይስ የበለጠ እንጨነቃለን? የምንሠጋው ምን እንዳናጣ ነው?

3. ከያዝነው ሩጫ ውስጥ ለሌላ ሰው ልናስረክበው የምንችለው የትኛውን ነው?

ጥያቄዎቹን በአንድ ማታ ለመጨረስ አትቸኩሉ። አንዱ ብቻ ይበቃል። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።